የአባቴን ሬዲዮ ልሰካው ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በፈረንጅ 1964 የተሠራች ቮልስ አለችኝ። ቅዳሜና እሁዴን የምትበላው እሷ ናት። አሁን ባትላሜራ ጋ ገብታ «ሳምንት፣ ሳምንት» እየተባልኩ ወራት አለፉ። በዚህ መሃል እናቴ ቤት ስታጸዳ የአባቴን ግሩንዲግ ሬዲዮ አውጥታ ሰጠችኝ። ከፊቱ አረንጓዴ ዓይን አለው፤ ቁልፎቹ እንደ ፒያኖ ይጫናሉ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ማንም አልከፈተውም። አንዱ ጓደኛዬ «ሰካውና እንየው፤ ቢበዛ ፊውዝ ይበጥሳል» ይላል። ሌላው «ሆዱን አውጥተን ብሉቱዝ እንክተትበት» ይላል። ቀለም ቀቢው ደግሞ ሳጥኑን ከመኪናዋ ጋር አብሮ ሊቀባልኝ ተነስቷል። እኔም ሳላስበው ከምናለሽ ተራ ሁለት የተሰባበሩ የፊሊፕስ ሬዲዮዎች ገዛሁ። ባለቤቴ «ሳሎኑ ጋራዥ ሆነ» ብላ አኩርፋለች። ቮልሷ ላይም የድሮ የመኪና ሬዲዮ መግጠም ያምረኛል። ከየት ልጀምር? ሸገርን ይይዝልኛል? የሬዲዮው ቁጥር 100 ላይ ያልቃል። ጀርመን ያለው ወንድሜ በቅርቡ ይመጣል፤ ምን ላስመጣ?

የቮልሷ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድሜ፣ አትሰካው። የቀረውን ቡናህን እየጠጣህ አንብበው፤ ይቺን ግን አሁኑኑ ያዝልኝ። ገመዱን ጠቅልለህ ከኋላው እሰረው። ቤት ውስጥ «እስቲ እንሞክረው» የሚል እንግዳ አይጠፋም።

ጓደኛህ ክፋት የለውም፤ የመኪና ሰው ስለሆነ ነው። ለዓመታት የቆመች መኪና ስታገኝ ባትሪ ታስርላታለህ፣ ካርቡራቶሯ ላይ ቤንዚን ጠብ ታደርጋለህ፣ ሞተሪኖውን ትመታለህ። ከተነሳች ድምጿን ሰምተህ በሽታዋን ታውቃለህ። ካልተነሳችም ነገም ቀን ነው። የቫልቭ ሬዲዮ፣ ማለትም እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራው፣ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ይፈተሻል፣ ከዚያ ይጠገናል፣ መጨረሻ ላይ ይበራል። አንተን የምፈራልህም እዚህ ላይ ነው። እጅህ ሥራ ለምዷል፣ ድፍረቱም አለህ፤ ድፍረቱ ግን የመጣው ከሞተር ነው።

ምክንያቱን ለቮልስ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ከፑንቲናው፣ ለካንዴላው እሳት ኤሌክትሪኩን ከሚያቋርጠው ዕቃ፣ ጎን ያለችው ኮንዴንሰር ስትሞት ምን እንደሚሆን አይተሃል። ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ በማርሚታው ይተኩሳል፣ ፑንቲናው ይቃጠላል። ሬዲዮ ጠጋኞች «ካፓሲተር» የሚሉት ያንኑ ዕቃ ነው። ቮልስህ ፑንቲናው ጋ ያላት አንድ ነው፤ ግሩንዲግህ ውስጥ ግን በየጥጉ ተሰግስገዋል፤ ያረጁትም አብረው ነው።

ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ትልልቆቹ የአሉሚኒየም ጣሳ የሚመስሉት ናቸው። ውስጣቸው እርጥብ ኬሚካልና በጣም ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን አለ። ሬዲዮው ለረጅም ዘመን ሳይበራ ሲቀመጥ ኬሚካሉ ይደርቃል፣ ሽፋኑም ይሳሳል። በድንገት ስትሰካው ኤሌክትሪኩን መያዝ ሲገባቸው ያሳልፉታል። ያኔ ትራንስፎርመሩ ይግላል፣ ቫልቩ ይጨሳል፣ ቤቱ ይሸታል። «ቢበዛ ፊውዝ ይበጥሳል» ላለው ጓደኛህ፣ የፊውዙን ቦታ መጀመሪያ ከፍታችሁ እዩት በለው። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት አንዱ ጠጋኝ ፊውዝ አጥቶ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሬዲዮ ብዙ አይቻለሁ።

ሁለተኛዎቹ ትንንሾቹ ናቸው። ሰም ወይም ሬንጅ የሚመስል ነገር የተቀቡ የወረቀት ጥቅልሎች ናቸው። ከእነሱ መካከል አንዷን ነጥዬ ልንገርህ። ድምፁን ወደ መጨረሻው ቫልቭ የምታደርሰዋ ናት። የዚያ ዘመን የጀርመን ሬዲዮ ላይ ያ ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ኢኤል84 (EL84) ነው። ይቺ ካፓሲተር በትንሹ ማሳለፍ ስትጀምር ቫልቩ ከልክ በላይ ይሠራል። መጀመሪያ ድምፁ ይጎረብጣል፣ ቀጥሎ ቫልቩ ይሞታል፣ አንዳንዴም የድምፅ ማጉያውን ትራንስፎርመር ይዞ ይሄዳል። በጥቂት ብር የምትገዛ ዕቃ ነች። ሌላ ምንም ባትቀይር እሷን ቀይር።

ጀርባውን ከመክፈትህ በፊት ግን አንድ ነገር እንነጋገር። ቮልስህ 6 ቮልት ናት። የባትሪዋን ሁለት ጫፍ በደረቅ እጅህ ብትይዝ ምንም አትሆንም። ሬዲዮው ሲበራ ውስጡ 250 ቮልት ገደማ ዲሲ አለ። ከሶኬት ከነቀልከው በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የድሮ ሰዎች በካቻቢቴ ብልጭ አድርገው ያወጡታል፤ አንተ እንደሱ አታድርግ። 10 ኪሎ ኦም የሆነ፣ 5 ዋት የሚችል ሬዚስተር ሽቦው ላይ በይድ፣ በደንብ በተሸፈነ መያዣ ያዘው፣ በሱ አፍስሰው። ከዚያ በቴስተር ለካና ዜሮ መሆኑን በዓይንህ እይ። በርቶ የምትለካው ነገር ካለ አንዱ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን፤ ቤት ውስጥም ብቻህን አትሁን።

አሁን ክፈተው። ምንም ሳትነካ በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ገልብጠህም ከታች። አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ አራግፍ። አይጥ ቤት ሠርታበት ብታገኝ አትገረም። ገመዱ ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ ይቀየር። ቀጥሎ የቮልት መምረጫውን ፈልግ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሬዲዮ ላይ 110፣ 127፣ 220 የሚል ተሽከርካሪ ነገር አለ። የኛ ሶኬት 220 ነው፤ መምረጫው 110 ላይ ቆሞ ከተሰካ ታሪኩ እዚያው ያልቃል።

ከዚያ የቫልቮቹን ቁጥር መዝግብ። መስታወቱን ግን በጨርቅ እንዳታሸው። ጽሑፉ እንደ ዱቄት ይራገፋል፤ ከጠፋ በኋላ የትኛው የት እንደነበር የሚነግርህ የለም። ስትመዘግብ የመጀመሪያዋን ፊደል አስተውል። በ«ኢ» (E) የሚጀምሩ ከሆኑ፣ ማለትም ኢሲኤች81፣ ኢኤፍ89፣ ኢኤል84 የሚሉ፣ ሬዲዮው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ትራንስፎርመር አለው፤ በርታ። በ«ዩ» (U) የሚጀምሩ ከሆኑ፣ ዩሲኤች81፣ ዩኤል84 ዓይነት፣ ቆም በል። እነዚህ አብዛኞቹ ትራንስፎርመር የላቸውም። የብረት አካላቸው በቀጥታ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ሬዲዮውን ከግድግዳው መስመር በሚነጥል አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ለሚሠራ ባለሙያ ስጣቸው። ከምናለሽ ተራ ያመጣሃቸው ፊሊፕሶች ከዚህ ወገን እንዳይሆኑ ዛሬውኑ እያቸው።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሰው ሬዲዮ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ቫልቭ ነው። ይከብራል፣ ያምራል፣ ዕቃ የገዛህ ይመስልሃል። ቫልቮቹ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። ስለዚህ ለወንድምህ የምትልከው ዝርዝር እንዲህ ይሁን። ትንንሾቹን ካፓሲተሮች በቁጥራቸው ጻፍና 630 ቮልት የሚችሉ ፊልም ካፓሲተሮች ያምጣልህ። ትልልቆቹ ላይ 50 እና 50 ማይክሮፋራድ የሚል ካለ 47 የሆኑ፣ 450 ቮልት የሚችሉ ሁለት ይግዛ። «ትልቅ ይሻላል» ብለህ 100 እንዳታስገባ፤ ኤሌክትሪኩን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ቫልቭ አይችለውም። ከገመዱ መግቢያ አጠገብ ያሉት ካፓሲተሮች ደግሞ ኤክስ እና ዋይ የሚል የደህንነት ምልክት ያላቸው መሆን አለባቸው። ቫልቭ ይጠብቅ። ጣቢያ በደንብ መያዙን የሚያሳየው አረንጓዴው ዓይን ደብዝዞ ቢመጣም ዝም በለው፤ በብዙ አገልግሎት የደከመ ነው እንጂ ሬዲዮው ሞቷል ማለት አይደለም።

ስትቀይር አንድ አውጣ፣ አንድ አስገባ፣ ምልክት አድርግ። ሁሉን ነቅለህ ጠረጴዛ ላይ ከዘረገፍክ ፎቶውም አያድንህም። አራት ማዕዘን የብረት ጣሳዎች ታያለህ፤ አናታቸው ላይ በካቻቢቴ የሚዞር ነገር አለ። እንደ ካርቡራቶር ቪቴ «እስቲ ሩብ ዙር» ብለህ እንዳትነካው። ፋብሪካ በመሣሪያ የተስተካከለ ነው። ከነካኸው ጣቢያዎቹ ይደክማሉ፤ ውስጡ ያለው ፌራይት የሚባል ተሰባሪ እምብርትም ይሰበራል።

የማብራቱ ቀን ሲደርስ የድሮ ባለክር አምፖል፣ 60 ዋት ወይም 100 ዋት፣ ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ እሰር። ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ መጀመሪያ ደመቅ ብሎ ቀስ እያለ ከደበዘዘ ደስ ይበልህ። ደምቆ ከቀረ ንቀለው፤ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ደህና ከሆነና ከሞቀ በኋላ የኢኤል84ን ሁለተኛ እግር ከብረት አካሉ ጋር ለካ፤ ዜሮ ገደማ መሆን አለበት። አንድ ሁለት ቮልት ፖዘቲቭ ካሳየህ ያቺ የነገርኩህ ካፓሲተር አልተቀየረችም፣ ወይም በተሳሳተ ቦታ ገብታለች።

ስለ ሳጥኑ። ቀለም ቀቢህን አመስግንና መልሰው። ላዩ ላይ ያለው እንጨት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ ቅጠል ነው። መኪና ላይ እንደለመደው በብርጭቆ ወረቀት ሲያስኬደው ከሥሩ ያለው ርካሽ ጣውላ ብቅ ይላል፤ ያን ስቱኮ አይመልሰውም። ከመኪናው ዓለም የሚጠቅምህ ግን አንድ ነገር አለ፤ ለቮልሷ ቀለም የምትጠቀምበት ለስላሳ ፖሊሽ። የድሮው ላክ ካልተሰነጠቀ በሱ ሲወለወል ያበራል፤ ቁልፎቹም እንደዚያው። መጀመሪያ ከኋላ በኩል በማይታይ ቦታ ሞክረው። እናትህ ዳንቴል ያነጠፈችበት ቦታ ከሌላው ጠቆር ብሎ ቢቀር ተወው፤ እኔ ብሆን ነገሬም አልለው። የቁጥሩን መስታወት ግን ከጀርባው ፈጽሞ እንዳታረጥበው። ሉክሰምበርግ፣ ሂልቨርሰም፣ ቤሮሙንስተር እያለ የተጻፈው በጀርባው ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ብትጠርገው አውሮፓ በሙሉ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

ወደ ሸገር ልምጣ። አይይዝልህም። ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም። በ1950ዎቹ በፈረንጅ ጀርመኖች ለኤፍ ኤም የመደቡት ከ87.5 እስከ 100 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ነበር፤ ወደ 104 ከዚያም ወደ 108 የሰፋው በኋላ ነው። ሸገር ደግሞ 102.1 ላይ ነው። 96.3ን፣ 97.1ን እና ፋና 98.1ን ግን ያለ ችግር ታገኛለህ። አባትህ ያንን «ዩኬቬ» የሚል የኤፍ ኤም ቁልፍ ስንቴ ተጭኖ ሹክሹክታ ብቻ ሰምቶ ይሆን? ኤፍ ኤም 97.1 በ1990ዎቹ እስኪመጣ ድረስ ያ ቁልፍ እዚህ ከተማ ውስጥ ሥራ ፈት ነበር። እሱ የገዛው ለአጭር ሞገዱ ነው። የዶቼ ቬሌ የአማርኛ ክፍል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ነው ወደ ቤታችን የገባው፤ በደርግ ጊዜም ድምፁ ዝቅ ተደርጎ፣ ጆሮ ተደቅኖ ነበር የሚሰማው። አንተም ሲመሽ ጥቂት ሜትር ሽቦ ከኋላው ሰክተህ አጭር ሞገዱን አስስ። ቤት ውስጥ ያሉትን ርካሽ ቻርጀሮችና የኤልኢዲ መብራቶች አጥፋ፤ የሚንጫጩት እነሱ ናቸው። «ማስተካከያውን ገፍተን 102 እናስገባው» የሚልህ ጠጋኝ ይመጣል። ይቻላል፤ ግን መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ውሸት ይሆናል፣ ከታች ያሉት ጣቢያዎችም ይወጣሉ። እኔ አልመክርም።

የብሉቱዙን ነገር ደግሞ የአባትህ ሬዲዮ ላይ አላየውም፣ አልሰማውም። ከኋላው የሸክላ ማጫወቻ መሰኪያ አለው አይደል? ስልክህን እዚያ አስገባ፤ ሸገርንም በስልክህ ይዘህ በግሩንዲጉ ድምፅ ስማው። ሬዲዮው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያውቅ የስልኩን ግራና ቀኝ በቀጥታ አታገናኛቸው፤ በየሽቦው ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገብተህ አጣምራቸው። ይሄ የሚሠራው ትራንስፎርመር ላለው ሬዲዮ ብቻ ነው። ያለ ትራንስፎርመር የሆነው ላይ ስልክ ማገናኘት ራስህን ከግድግዳው ጋር ማገናኘት ነው። ጓደኛህ ሆድ ማውጣት ካማረው፣ ሁለቱ ፊሊፕሶች ውስጥ መዳን የማይችል ካለ እሱን ስጠው።

አሁን ወደ ባለቤትህ። ትክክል ናት። ቅር አይበልህ፤ ባታኮርፍ ነበር የሚገርመኝ። ቮልሷ ቢያንስ ከቤት ውጭ ናት፤ ሬዲዮ ግን ቤት ውስጥ የሚገባ በሽታ ነው። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ «ይሄ ደግሞ ምን ቦታ ይይዛል» ይባላል። ከዚያ ቁምሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ በመጨረሻ የልጆች መኝታ ቤት። ስለዚህ ግሩንዲጉ እስኪዘፍን ድረስ ሦስተኛ የተሰበረ ሬዲዮ አትግዛ። ምናለሽ ተራ መሄድ ካማረህ ገንዘቡን ቤት ትተህ ሂድ። ሥራውን በረንዳ ወይም ዕቃ ቤት አድርገው። የመበየጃው ጭስም እርሳሱም ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ጥሩ አይደለም፤ እጅህን ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትቆርስ። ዋጋም አትደብቅ። የመኪና ሰዎች «ይቺን እንኳ በነፃ ነው ያገኘኋት» ማለት ይወዳሉ፤ የሚታመንላቸው ግን እስከ መጀመሪያው ደረሰኝ ነው።

ሁለቱ ሥራዎች ይጣላሉ ብለህ አትስጋ፤ ይደጋገፋሉ። ቮልስ ሁልጊዜ የሌላ ሰው እጅ ትጠብቃለች። ባትላሜራው አለ፣ ከሶማሌ ተራ የሚመጣ ዕቃ አለ፣ ዝናብ አለ። ሬዲዮ ማታ ከሥራ መልስ አንድ ካፓሲተር ቀይረህ የምትተኛበት ሥራ ነው። «ሳምንት» እየተባልክ ጋራዥ በር ላይ ከመናደድ ይሻላል፤ ባትላሜራውም ቢሆን በየቀኑ ሲደወልለት ጥሩ አይሠራም።

የመኪና ሬዲዮውን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት አስቸኳይ ስላልሆነ ነው። ቮልስ ከ6 ወደ 12 ቮልት የተሻገረችው በፈረንጅ 1966 አጋማሽ፣ ለ1967 ሞዴል ነው። ያንተ 1964 ስለሆነች፣ ማንም ካልቀየራት፣ 6 ቮልት ናት። 12 ቮልት ሬዲዮ አይነሳልህም፤ ዲናሞውን፣ ሞተሪኖውንና መብራቱን ለአንድ ሬዲዮ ብለህ መቀየርም አይዋጥልኝም። የ6 ቮልት ብላውፑንክት ብታገኝ፣ የቫልቭ ዓይነቱ ውስጥ ቫይብሬተር የሚባል የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ አለ። ሥራው የባትሪውን 6 ቮልት ቆራርጦ ወደ ከፍተኛ ቮልት ማድረስ ነው። ሲሠራ እንደ ንብ ይጮኻል፣ ቶሎም ይሞታል፤ በማይጮኽ ዕቃ የተተካበትም ስላለ ዝም ማለቱ ብቻውን ሞቷል ማለት አይደለም፤ ከመግዛትህ በፊት አስበርተህ አዳምጠው። ዳሽቦርዱን ግን በማንም አታስቆርጥ።

ገጥመኸው ሞተር ስታስነሳ መንጫጫቱ አይቀርም። ጋዝ ስትሰጥ እየፈጠነ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ከካንዴላና እሳቱን ከሚያከፋፍለው ስፒንቴሮጀኖ የሚመጣ ነው፤ ሬዚስተር ያላቸው የካንዴላ ካፓዎች ይቀንሱታል። እየቀጠነ የሚያፏጭ ከሆነ ዲናሞው ነው፤ እሱ ላይ ለዚሁ የሚሠራ ካፓሲተር ይታሰራል። ሽቦውን ለመዘርጋት የኋላ መቀመጫውን ስታነሳ ባትሪውን እዚያው ታገኘዋለህ። መሸፈኛው ከጠፋ ሬዲዮውን ከመግጠምህ በፊት አሠራለት። ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ፖል ይነካና መቀመጫው በእሳት ይያያዛል፤ በዚህ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ።